የአገሩን ሰርዶ በማን በሬ? ዓለም አቀፍ የንግድ ስትራቴጂን መማር ለእኛ የሚፈይደው

እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ በሁለት ሀብቶቿ ምክንያት ከውጭ ኩባንያዎች ጋር ፊት ለፊት ተቀመጠች። አንዱ ቡና ነበር፤ ሌላው ጤፍ። በቡናው በኩል የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ «ይርጋጨፌ»፣ «ሲዳሞ» እና «ሐረር» የሚሉትን ስሞች በኢትዮጵያ መንግሥት ስም የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ አመለከተ። በጤፉ በኩል የብዝኃ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋሞቻችን እህሉን ለአውሮፓ ገበያ ለማቅረብ ከፈለገ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የጥቅም ተጋሪነት ውል ፈረሙ። የቡናው ጉዳይ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 ተቋጨ፤ የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ፣ ኢትዮጵያ በስሞቹ ላይ ያላትን መብት ተቀብሎ የፈቃድ ስምምነት ፈረመ። የጤፉ መጨረሻ ግን ሌላ ሆነ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ከውሉ አስቀድሞ በ2003 ባስገባው ማመልከቻ ያገኘው የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ፓተንትም ውሉ ወደማይገዛው ሌላ ኩባንያ ተሻገረ። ሄግ የሚገኘው ፍርድ ቤት ፓተንቱ የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ በኔዘርላንድ ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ ውል ያገኘችው ጥቅም ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

ሁለቱም የአንድ አገር፣ የአንድ ዘመን፣ የአንድ መንግሥት ሥራዎች ናቸው። በአገር ፍቅር አይበላለጡም፤ በሀብቱ ጥራትም እንደዚያው። የለያያቸው አስቀድሞ የተጠየቀው ጥያቄ ነው። በቡናው ጊዜ የተጠየቀው በዚህ ንግድ ውስጥ ትርፉ የሚያድረው የት ነው፣ ያንን ቦታ ማን ይዞታል፣ እኛስ የቱን ብንይዝ ይሻለናል የሚል ነበር። መልሱም ትርፉ ያለው ከጆንያው ይልቅ በስሙ ላይ ነው የሚል ሆነ። በጤፉ ጊዜ ግን ጥበቃው በዘሩ ላይ ሲያተኩር የዱቄቱ መብት በሌላው እጅ ቀረ፤ ያ ኩባንያ ቢከስር ወይም ንብረቱን ለሌላ ቢያስተላልፍ ምን ይሆናል የሚለውም በቂ መልስ ሳያገኝ ታለፈ። እነዚህ በዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ የንግድ ስትራቴጂ እየተባለ የሚሰጠው ትምህርት ዋና ዋና ጥያቄዎች ናቸው። ስሙን ለሚሰማ ሰው ትምህርቱ ወደ ሰው አገር የሚዘምቱ ግዙፍ ኩባንያዎች ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን እላለሁ፦ ወደ ውጭ ከምትወጣበት ይልቅ ወደ ውስጧ የሚገባው ለሚበዛባት እንደ እኛ ላለች አገር ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ሙሉ ጥቅም የሚሰጠውም በእንግዳውም በባለአገሩም ዓይን ሲነበብ ነው።

የትምህርቱ ሥር አንዲት ቀላል ጥያቄ ናት። ካናዳዊው ስቲቨን ሃይመር በ1960 ለኤም.አይ.ቲ. ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ያነሷት ናት። ባዕድ ነጋዴ በሰው አገር ሲሠራ ሕጉን፣ ቋንቋውንና የደንበኛውን ጠባይ የሚያውቀው ከአገሬው ነጋዴ ባነሰ ሁኔታ ነው፤ ታዲያ አገሬውን በምን ያሸንፈዋል? «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው ተረታችንም ይህንኑ ያውቃል፤ የአገሩን ሥር የሚነቅለው የአገሩን አፈር የለመደው ነው። የሃይመር መልስ ባዕዱ ይህን ጉድለቱን የሚያካክስ፣ አገሬው የሌለው አንድ ብልጫ ይዞ መምጣት አለበት የሚል ነው፦ ቴክኖሎጂ፣ የታወቀ ስም፣ ርካሽ ካፒታል ወይም የተለየ የአሠራር ዘዴ። እንግሊዛዊው ጆን ደኒንግ ሐሳቡን አስፍተው ሦስት ጥያቄ አደረጉት። ኩባንያው የያዘው ብልጫ ምንድን ነው? ለምንስ ያንን አገር መረጠ? ብልጫውን ለሌላ በፈቃድ ከማከራየት ይልቅ ራሱ ሊሠራበት የፈለገው ለምንድን ነው? የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዮሃንሰንና ቫልኔ ደግሞ በ1977 ባወጡት ጥናት የስዊድን ኩባንያዎችን መንገድ ተከትለው አንድ ልማድ አሳዩ። ኩባንያዎቹ መጀመሪያ የሚሄዱት በባህልና በቋንቋ ወደሚቀርባቸው አገር ነው፤ በወኪል ይጀምራሉ፣ ቀጥለው የራሳቸውን የሽያጭ ድርጅት ይከፍታሉ፣ ፋብሪካ የሚተክሉት በመጨረሻ ነው። የአገራችን እንጀራ ላኪዎችም መጀመሪያ የፈለጉት በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች የሚኖረውን ወገናቸውን ነበር፤ የስዊድኑን ጥናት ሳያነቡ የስዊድኑን መንገድ ሄደዋል።

በዚህ ዘርፍ ለረጅም ጊዜ የቆየው ክርክር ዓለም አንድ ገበያ ሆናለች ወይስ አልሆነችም የሚለው ነው። የሃርቫርዱ ቴዎዶር ሌቪት በ1983 ባሳተሙት መጣጥፍ ቴክኖሎጂ የሰውን ፍላጎት እያመሳሰለው ነው፣ ስለዚህ አንድ ዓይነት ዕቃ በርካሽ ለዓለም ሁሉ የሚያቀርብ ያሸንፋል ሲሉ ተከራከሩ። ፓንካጅ ጌማዋት በ2001 ርቀት አሁንም ዋጋ አለው ብለው መለሱ። እሳቸው ርቀት የሚሉት በኪሎ ሜትር የሚለካውን ብቻ አይደለም፤ የባህል ርቀት አለ፣ የሕግና የአስተዳደር ርቀት አለ፣ የመልክዓ ምድር ርቀት አለ፣ የኑሮ ደረጃ ርቀትም አለ። ዋልማርት በጀርመን የገጠመው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የአሜሪካው ግዙፍ ቸርቻሪ በ1997 እና በ1998 ሁለት የጀርመን የመደብር ሰንሰለቶችን ገዝቶ ሲገባ በአገሩ ያሸነፈበትን ዘዴ እንዳለ ይዞ ሄደ። በር ላይ ደንበኛ የሚቀበል ሠራተኛ፣ በመመሪያ የታዘዘ ፈገግታ፣ ዕቃውን በከረጢት የሚያስገባ አስተናጋጅ፣ ከሁሉም የረከሰ ዋጋ። ብዙው ጀርመናዊ ሸማች መስተንግዶውን አልወደደውም፤ በርካሽ ዋጋ ደግሞ የአገሬዎቹ መደብሮች አልዲና ሊድል ቀድመውት ቆይተዋል። በ2000 የአገሪቱ የውድድር ባለሥልጣን አንዳንድ ሸቀጦችን ከመግዣ ዋጋ በታች መሸጡን እንዲያቆም አዘዘው። በ2006 ኩባንያው 85 መደብሮቹን ለተፎካካሪው ለሜትሮ ሸጦ፣ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከስሮ ወጣ። ገንዘቡም ቴክኖሎጂውም ነበረው፤ የጎደለው የአፈሩ ዕውቀት ነው።

ከእኛው አህጉር ደግሞ ኤም-ፔሳን እንውሰድ። ሳፋሪኮም በመጋቢት 2007 በኬንያ የጀመረው ይህ በስልክ ገንዘብ የማስተላለፊያ አገልግሎት በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሪቱ የዕለት ኑሮ አካል ሆነ። በ2010 ያው አገልግሎት፣ በዚያው ስም፣ በእህት ኩባንያው በቮዳኮም በኩል ደቡብ አፍሪካ ገባ። ኬንያን ያየ ሁሉ ደቡብ አፍሪካም ትደግመዋለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ነገር ግን አገልግሎቱ በ2016 ተዘጋ። ምክንያቱን ለመረዳት ከስልኩ ይልቅ አገሮቹን ማየት ይሻላል። በኬንያ አብዛኛው ሰው የባንክ ሂሳብ አልነበረውም፤ በከተማ የሚሠራው ለገጠር ቤተሰቡ ገንዘብ የሚልከው በሾፌርና በዘመድ እጅ ነበር፤ ሳፋሪኮም ከስልክ ተጠቃሚው አብዛኛውን ይዞ ነበር፤ ማዕከላዊ ባንኩም ሥራው እንዲጀመር ፈቀደ። በደቡብ አፍሪካ የባንክ አገልግሎት በስፋት ተዳርሷል፣ የባንክ ሕጉ ጥብቅ ነው፣ ቮዳኮምም የሳፋሪኮምን ያህል ገበያውን ለብቻው አልያዘም። መፍትሔው አንድ ነበር፤ ችግሩ ግን በሁለቱ አገሮች አንድ አልነበረም። ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ የሚተነትን ተማሪ «ይህ በዚያ ሠርቷል» ከሚል ማስረጃ ተነሥቶ «እዚህም ይሠራል» ወደሚል ድምዳሜ ለመዝለል ከእንግዲህ አይቸኩልም። ለእኔ የዚህ ትምህርት ትልቁ ስጦታ ይህ ጥንቃቄ ነው።

የዋልማርትና የኤም-ፔሳ ታሪኮች ወደ ሰው አገር የሚገባው ኩባንያ፣ የገቢው ታሪኮች ናቸው። አብዛኞቹ የመማሪያ መጻሕፍትም የተጻፉት በገቢው ዓይን ነው፤ የሚጠይቁት የትኛው አገር እንግባ፣ በምን እንግባ፣ መቼ እንውጣ እያሉ ነው። እነዚያኑ ጥያቄዎች ገልብጦ በባለአገሩ ወንበር የሚቀመጥ ተማሪ ግን ሌላ ነገር ያያል። ኢትዮጵያ በ2021 በሳፋሪኮም ለሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር የቴሌኮም ፈቃድ ስትሰጥ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በፈቃዱ ውስጥ አልነበረም። በዚያው ዓመት ግንቦት ኢትዮ ቴሌኮም የራሱን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት፣ ቴሌብርን ጀመረ፤ ኤም-ፔሳ ለብቻው በተከፈለበት ፈቃድ ሥራ የጀመረው በነሐሴ 2023 ነው። አንዱ ወገን ውሳኔው ለአገር ውስጡ ተቋም እግር መትከያ ጊዜ ሰጠ ይላል። ሌላው ወገን የተቆረጠ ፈቃድ በጨረታ ያነሰ ዋጋ ያወጣል፣ ውድድሩም ይዘገያል ይላል። ሁለቱም ክርክር ክብደት አለው፤ ሚዛኑን የሚያውቅ ተደራዳሪ የሚገኘው ግን ገቢው ኩባንያ ምን ያህል እንደሚፈልገን፣ ከገባ በኋላስ የመደራደር ኃይሉ ወዴት እንደሚያዘነብል ካጠና ሰው መካከል ነው። አሜሪካዊው ሬይመንድ ቨርነን በ1971 እንዳስረዱት ኩባንያ ገንዘቡን ከማፍሰሱ በፊት ጉልበቱ በእሱ እጅ ነው፤ ማማው ከቆመና ኬብሉ ከተቀበረ በኋላ ጉልበቱ ወደ ባለአገሩ ይዞራል። ይህን የሚያውቅ ገቢ አስቀድሞ በውሉ መከላከያ ያስገባል፤ የሚያውቅ ባለአገር ደግሞ ያ መከላከያ ለምን እንደተጻፈ ገብቶት ይፈርማል።

እኛም ገቢ የሆንንበት ታሪክ አለን፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ። በ1945 ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተፈረመ ስምምነት ተመሥርቶ ሙያውን ከባዕድ እየተማረ ያደገ ድርጅት ዛሬ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ባለድርሻ ነው። በቶጎዋ ሎሜ መናኸሪያውን ባደረገው አስካይ በተባለው አየር መንገድ ውስጥ ገባ፤ በማላዊ አየር መንገድ 49 በመቶ፣ በ2021 ዳግም በተነሣው የዛምቢያ አየር መንገድ 45 በመቶ ድርሻ ያዘ። ለምን 100 በመቶ አልሆነም? በአገሮች መካከል የሚፈረሙት የአቪዬሽን ስምምነቶች በተለምዶ አንድ አየር መንገድ የአገሩን የበረራ መብት ለመጠቀም አብዛኛው ባለቤትነቱና ቁጥጥሩ በዚያው አገር ዜጎች ወይም መንግሥት እጅ መሆን አለበት ይላሉ። የማላዊ ባንዲራ የሌለው ኩባንያ የማላዊን የበረራ መብት አያገኝም። ስለዚህ አየር መንገዱ በአነስተኛው ድርሻ ሆኖ ሙያውንና የመንገድ መረቡን ይዞ ይቀርባል፤ አገሬው መብቱንና ባንዲራውን ያዋጣል። ሃይመር የጠየቁት፣ ደኒንግ የዘረዘሩት፣ ጌማዋት የአስተዳደር ርቀት ያሉት ሁሉ በዚህ አንድ የአክሲዮን ቁጥር ውስጥ ይነበባል። ተማሪው 49 የሚለውን ቁጥር አይቶ «ለምን 51 አልሆነም?» ብሎ መጠየቅ ሲጀምር ትምህርቱ ገብቶታል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ ከመርካቶ የሚመጣው ነው። ንግድ በቀለም ትምህርት አይገኝም፤ ከዱባይና ከጓንግዡ ዕቃ የሚያስመጡት ሰዎች ስትራቴጂ የሚለውን ቃል ሳይሰሙ ሀብት አፍርተዋል፤ በዲግሪ የተመረቀው ደግሞ ከእነሱ ዘንድ ሥራ ይለምናል ይባላል። ይህ እውነት ያዘለ ተቃውሞ ስለሆነ አቃልሎ ማለፍ አይገባም። የኡፕሳላ ሊቃውንት ራሳቸው ስለ ውጭ ገበያ ዋናው ዕውቀት የሚገኘው በመሥራት ነው ብለዋል። ነገር ግን ልምድ ሁለት ወሰን አለበት። አንደኛው፣ ልምድ የሚያስተምረው የተሞከረውን ነው፤ ያልተሞከረውን የሚያስተምር የሌላው ሰው ልምድ ነው፤ በክፍል የሚጠና የኩባንያ ታሪክም የሌላው ልምድ ተጨምቆ የቀረበበት ነው። ዋልማርት 1 ቢሊዮን ዶላር የከፈለበትን ትምህርት ተማሪው በአንድ ከሰዓት በኋላ ያገኘዋል። ሁለተኛው፣ ልምድ ሕጉ ሲለወጥ ያረጃል። የአስመጪነትና የጅምላ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ዝግ በነበረበት ዘመን የተገነባ ብልሃት በሩ ሲከፈት ሁሉም አይሠራም። የመርካቶው ነጋዴ ዕውቀት ሊናቅ አይገባውም፤ ልጁ በዩኒቨርሲቲ ተምሮ ተንትኖ ሊጽፈው፣ ለሚቀጥለው ትውልድ ሊያስተላልፈው የሚገባ ሀብት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ መጻሕፍቱ የባዕድ ናቸው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ምሳሌዎቻቸው ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከእስያ ይበዛሉ፤ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ የሚጠብቅ ላኪ ወይም አስመጪ በገጾቻቸው ብዙም አይታይም። መድኃኒቱ ግን መጽሐፉን መዝጋት አይደለም፤ የጎደለውን ምዕራፍ መጻፍ ነው። የቡናው ታሪክ ብቻውን የአንድ ወር ትምህርት ይወጣዋል። ስታርባክስ አስቀድሞ ኢትዮጵያ በምልክት ፋንታ የመነሻ ቦታ ማረጋገጫ ብታወጣ ይሻላል ብሎ ነበር። ኢትዮጵያ ግን ቡናው ከእጅግ ብዙ ትናንሽ ማሳዎች ተለቅሞ፣ በብዙ እጅ አልፎ ገበያ የሚደርስ በመሆኑ እያንዳንዱን ጆንያ ተከታትሎ ማረጋገጡ ከአቅም በላይ ይሆናል ብላ የንግድ ምልክትን መረጠች። ቡናውን ከሚቆሉት ኩባንያዎች ደግሞ የስም ኪራይ አልጠየቀችም፤ ፈቃዱን ያለ ክፍያ ሰጥታ መብቷን እንዲያውቁላትና ስሞቹን እንዲያስተዋውቁላት ጠየቀች። ዛሬ ገንዘብ አለመጠየቅ ለነገ ዋጋ መሠረት ነው የሚል ስሌት ነው። ይህ ስሌት ለገበሬው ምን ያህል ደረሰ? የማረጋገጫው መንገድ ይሻል ነበርን? እነዚህ ጥያቄዎች ከማንም የውጭ ምሳሌ ያላነሰ ክርክር ያስነሣሉ፤ ተማሪዎቻችንም ሊከራከሩባቸው ይገባል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ትምህርቱ የመጪውን አያውቅም የሚል ነው። ሌቪት ዓለም አንድ ገበያ ትሆናለች አሉ፣ አልሆነችም፤ የዋልማርት ኃላፊዎችም ልምድ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፣ ግን ወደቁ። በእኛም አገር የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒ.ቪ.ኤች. በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካቋቋመው ፋብሪካ እንደሚወጣ በኅዳር 2021 አስታወቀ፤ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ኢትዮጵያ አጎዋ የተባለው የአሜሪካ ሕግ ለአፍሪካ አገሮች ከሚሰጠው ከቀረጥ ነፃ ዕድል ታገደች። በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣውን ጦርነትና ዕገዳውን የትኛው መምህር ሊተነብይ ይችል ነበር? ማንም። ስትራቴጂ ግን ትንቢት አይደለም። ስትራቴጂ የሚጠይቀው «ይህ ጥቅም በማን ፈቃድ ላይ ቆሟል? ያ ፈቃድ ቢነሣ ምን ይተርፈኛል?» ብሎ ነው። አጎዋ በአንድ አገር ሕግ የሚሰጥ፣ በዚያው አገር ፕሬዚዳንት ውሳኔ የሚነሣ ዕድል መሆኑ ከመጀመሪያው የታወቀ ነበር። ሠራተኛ በርካሽ ማግኘትና ከቀረጥ ነፃ መግባት ሁለቱ ምሰሶዎች የሆኑለት ፋብሪካ አንዱ ሲወድቅ እንደሚናጋ ለማወቅ ትንቢት አያስፈልግም። አስቀድሞ ሌላ ገበያ፣ የአገር ውስጥ ግብዓት፣ ከፍ ያለ ሙያ መፈለግ የሚጀምረው ይህን ጥያቄ ያነሣ ሰው ነው። በሐዋሳ መርፌ ይዘው የዋሉት ወጣት ሴቶች እንጀራ የተንጠለጠለበት ጥያቄ ስለሆነ የክፍል ጨዋታ አድርጎ ማየት አይገባም።

ይህን ዛሬ መናገር ያስፈለገው በሩ እየተከፈተ ስለሆነ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አጽድቋል፤ ከዚያ አስቀድሞ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የገቢ፣ የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ክፍት ሆኗል። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣናም እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። የሚመጡት ባንኮችና ቸርቻሪዎች ሃይመርን ያነበቡ፣ ዋልማርት በጀርመን የሠራውን ስሕተት ያጠኑ ሠራተኞች አሏቸው። በጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጠው የእኛ የባንክ ኃላፊ፣ የሚኒስቴር ባለሙያ፣ የሕብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ቢያንስ የእነሱን ጥያቄ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ይህን ትምህርት የሚመርጥ ወጣት ሦስት ነገር ደርቦ ቢይዝ ይበጀዋል። ሒሳብና የፋይናንስ ትንተና ይወቅ፤ ያለ ቁጥር የሚነገር ስትራቴጂ ምኞት ነውና። የውልና የአእምሯዊ ንብረት ሕግን መሠረት ይማር፤ ጤፍ ያስተማረን ይህንን ነውና። ቋንቋና ታሪክ ያጥና፤ የባህል ርቀት የሚለካበት ሌላ መሣሪያ የለምና። ዩኒቨርሲቲዎችም ከላኪዎች፣ ከባንኮችና ከአየር መንገዱ ጋር ተቀምጠው የአገር ውስጥ ታሪኮችን ለክፍል ክርክር በሚሆን መልክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሊጽፉ ይገባል።

የዚህ ትምህርት ጥሩ ፈተና አንድ ወረቀት ይበቃዋል ብዬ አስባለሁ። ለተማሪው የ2005ቱ የጤፍ ውል ይሰጠውና እንደገና እንዲጽፈው ይጠየቅ። ከዱቄቱ የሚገኘው መብት በማን ስም ይሁን? ኩባንያው ከከሰረ ወይም ንብረቱን ካስተላለፈ መብቱ ወዴት ይመለስ? ገበያው ቢያድግ ድርሻችን እንዴት ይደግ? ቀጥሎ ወረቀቱን አዙሮ በኔዘርላንዱ ኩባንያ ወገን እንዲቀመጥና ያንኑ ውል ለመፈረም ምን ዋስትና እንደሚፈልግ እንዲጽፍ ይታዘዝ፤ ሌላው ወገን የማይፈርመው ውል አገርን አይጠቅምምና። ሁለቱንም ገጽ በሚገባ የሞላ ተማሪ ዓለም አቀፍ የንግድ ስትራቴጂን አውቋል። የሚቀጥለው ጤፍ ምን እንደሚሆን አናውቅም፤ ዘር ሊሆን ይችላል፣ ማዕድን ሊሆን ይችላል፣ በአዲስ አበባ የተጻፈ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። ውሉ በሚፈረምበት ቀን ግን ከእኛ ወገን ሁለቱንም ገጽ የሞላ ሰው ተቀምጦ መገኘት አለበት።